እሜቴ የተሸጠች ዕለት

ሰኔ 9 ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት

ለልጄ አባት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ለወጉ ያህል የጠየቅኩህ አይምሰልህ። ዘንድሮ ለአንድ ጉዳይ ስለምትፈለግ በሁለት እግርህ ቆመህ እንድትገኝ ከልቤ እመኛለሁ። ድሮ «እርስዎ» እልህ ነበር። «እርስዎ» እያልኩህም ትደበድበኝ ስለነበር፣ ዛሬ «አንተ» ብልህ የማጎድልብህ ክብር የለም።

ስልክ ደውዬልህ ነበር። ድምፄን እንደሰማህ ዘጋኸው። ከዚያ እህትህ ዘንድ ሄጄ አድራሻህን ጠየቅኳት። «ምን ያደርግልሻል? የሚጽፍልሽስ ማን ነው?» አለችኝ። «እኔው ነኝ» ስላት ሳቀች። አንተም ትስቅ ይሆናል። ፊደል የቆጠርኩት አንተ ከሄድክ ወዲህ፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ያስተማረኝ ልጄ ነው፤ ከሥራ ሲመለስ፣ ግራሶው ከጥፍሩ ሥር ሳይወጣ። ስለዚህ ይህን ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም አላሳመረልኝም። ደብዳቤ ደግሞ አንድ ደግነት አለው፤ መሃል ላይ ገብተህ «አፍሽን ዝጊ» አትለኝም።

ነገሩን ከጫፉ ልንገርህ፣ ከዚያ ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ልጃችን ታስሯል። ሰው ገድለሃል ተብሎ ነው። ሰውየውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ለመርማሪው ሄጄ ነገርኩት፣ አላመነኝም። የሚያምነው አንድ ሰው መጥቶ ቢናገር ነው፤ ያ ሰው አንተ ነህ። ሳትጨርሰው እንዳትቀደው።

የቦዩ መሥሪያ ቤት የጽዳት ሥራውን ለተቋራጭ ሰጠው። አሁን ደለሉን የሚያወጣው ዳር ላይ ቆሞ ረጅም ክንዱን እየዘረጋ የሚቆፍር ማሽን ነው። ጀልባዎቹ «ትርፍ ንብረት» ተባሉ። እኛም አብረን ትርፍ ሆንን፤ ለእኛ ግን ሐራጅ አልወጣልንም፣ የሚገዛ ስለማይገኝ ይሆናል። ያለውን ሁሉ ግቢው ውስጥ አውጥተው ደረደሩት። አረም ማጨጃዎቹ፣ ጠፍጣፋዎቹ የጭቃ ጀልባዎች፣ ፓምፖቹ፣ መልሕቆቹ፣ የሰንሰለት ክምሩ፣ አይጥ የበላቸው ተንሳፋፊ ጃኬቶች። ከቦዩ አረም የምንጎትተው የእኛ የሴቶቹ መንጠቆዎች ሳይቀሩ እንደ ማገዶ በገመድ ታስረው «ልዩ ልዩ የእጅ መሣሪያ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። አብራኝ አረም ስትጎትት የኖረችው ሳቂታ ወረቀቱን አስነበበችኝና፣ «እታለም፣ እኛንም አብረው ሳያስሩን ቶሎ እንውጣ» አለችኝ። እንደ ልማዷ ሳቀች። ዓይኗ ግን ቀልቷል።

እሜቴንም አወጧት፤ ያቺን የደለል ጀልባህን። ከእኔ አስበልጠህ የምታጥባት፣ ሞተሯን ባረጀ ሸማ የምትወለውላት፣ ለእሷ ስትል እኔን ሦስት ጊዜ ከአልጋ የጣልከኝ እሜቴ። ከውሃ ስትወጣ ሆዷ ዝጎ፣ የደለል መዛቂያዋ ተጣሞ፣ ያቺ ትልቅ እመቤት እንደ ታመመች ላም በአንድ ጎኗ ተጋድማለች። ጎኗ ላይ ወረቀት አለ። ቆሜ አነበብኩት። «ንብረቱ ባለበት ሁኔታ ይሸጣል፤ ከሽያጭ በኋላ ቅሬታ አይስተናገድም» ይላል። እንዲህ ያለ ወረቀት በሠርጋችን ዕለት ግንባርህ ላይ ቢለጠፍ ኖሮ፣ ያኔ እኔ ማንበብ ባልችል እንኳ አንድ ሰው ያነብልኝ ነበር።

ልጄ አብሮኝ ነበር። የሚገዛው ነገር ኖሮ አይደለም፤ በምን አቅሙ። ያደገባቸውን ጀልባዎች ሊሰናበት ነው የመጣው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ ለቀብር እንደሚሄድ ሰው።

ዝገቴን ታስታውሰዋለህ? ድልድዩ አጠገብ አሮጌ ብረት የሚመዝነው። አንተ ስታውቀው ጋሪ ይገፋ ነበር። ኋላ ላይ የጭነት መኪና ገዛ፤ ሲናገር ተከትለው የሚስቁለት ሰዎችም ገዛ። በዚያን ቀን የከተማውን ብረት ነጋዴ ሁሉ አስማምቶ ነው የመጣው። እሱ አንድ ዋጋ ይጠራል፣ ሌላው ዝም ይላል፣ ዕቃውን ኋላ ይከፋፈሉታል። በሩ ላይ ቆሞ ለሚገባው ሁሉ እየሳቀ፣ «ወንድሞቼ፣ ዛሬ እጁን የሚያነሳ ሰው እጁን ይዞ ቤቱ አይገባም» ይላል። የቀለደ የመሰለው አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ትንሿን የአረም ጀልባ ፈልጎ ዋጋ ጨመረ። ሁለት ሰዎች በወዳጅነት ትከሻውን አቅፈው ከፓምፖቹ ጀርባ ወሰዱት። ሲመለስ አፉን በእጁ ይዟል፣ ደሙ በጣቶቹ መሃል ይንጠባጠባል። ሳቂታ ደንግጣ፣ «ምን ሆንክ ወንድሜ?» ብትለው፣ «ጥርሴን አሞኝ ነው» አላትና ወጥቶ ሄደ። ወንዶች ስትመቱ እንዲህ ናችሁ።

አሁን የምነግርህን አንተ ታውቀዋለህ፤ ዳኛው ግን አያውቀውም፣ ስለዚህ አስታውሰው። ሞተር ሲጮህ ሰው ሰው ስለማይሰማ እኛ ቦይ ላይ የምናወራው በእጅ ነው። መዳፍን ዘርግቶ ወደ ላይ ማንሳት «አቁም፣ ሰው አለ» ማለት ነው። ያነሳው ሰው ሞተሩ ጸጥ እስኪል አያወርድም፤ ካወረደ «ቀጥል» ማለት ይሆንበታል። ይህ በየትም ወረቀት ላይ የለም። ለልጄ ያስተማርከው አንተ ነህ። የወተት ጥርሱን እንኳ ለውጦ ሳይጨርስ ዳር ላይ አቁመህ እጁን ታስነሳዋለህ። ክንዱ ዝሎ ዝቅ ሲል በረጠበ ገመድ ጫፍ ባቱን ትገርፈዋለህ። «እጅ የሚወርደው ሞተር ሲቆም ነው!» እያልክ። እኔ ማታ ባቱን ቅባት ስቀባው ቁስሉ የገመዱን ጉንጉን ይመስል ነበር። ደስ ይበልህ፣ ትምህርትህ ገብቶታል።

ሐራጅ ባዩ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ፣ ጠረጴዛውን ፊቱ አድርጎ እሜቴን ያጫርታል። ከኋላው ደግሞ የሚቀጥለውን ጠፍጣፋ ጀልባ ከውሃው በተዳፋቱ ወደ ግቢው በዊንች፣ ገመድ በሚጠቀልል ሞተር፣ ይጎትታሉ። ዊንቹን የያዘው ተቋራጩ የላከው እንግዳ ሰው ነው። ቀለም ቀቢያችን፣ ያ ሽማግሌ፣ ከጀልባው በታች ጎንበስ ብሎ ከሆዱ ላይ ጭቃ ይፍቃል። ማን ቁም እንዳለው አላውቅም፤ ለገዢ ዓይን እንዲያምር ነው መሰለኝ።

ልጄ ገመዱን አየው። ክሩ አንድ በአንድ እየተበጠሰ እንደተቆጣች ድመት ፀጉር ቆሟል። ጮኸ፣ ማን ይስማው። እጁን አነሳ።

«ከወደኋላ ጨመሩ!» አለ ሐራጅ ባዩ ደስ ብሎት።

ዝገቴ ዞር ብሎ አየና ጣቱን ብድግ አደረገ። የልጄ እጅ እዚያው ነው።

«አሁንም ከወደኋላ!»

ዝገቴ እንደገና ጨመረ። የልጄ እጅ አልወረደም። ሰው ሁሉ አንገቱን ያዞር ጀመር። ያ የዊንች ሰው ደግሞ እጁን አይቶ ዘመድ ሰላም ያለው መስሎት ነው መሰል ራሱን ነቀነቀለት። እኔ ነገሩ ገባኝና የልጄን ክንድ ይዤ ጎተትኩት።

«አውርድ ልጄ! የምትገዛ መስሏቸዋል፣ አውርድ!»

«እማዬ፣ ቀለም ቀቢው!» አለኝ፤ ዓይኑን ከገመዱ ሳይነቅል።

ክንዱን ማውረድ አልቻልኩም። እንጨት ሆኗል። ያኔ ቀለም ቀቢው ወገቡን ሊያሳርፍ ቀና አለና እጁን አየ። ዕድሜውን ቦይ ላይ የጨረሰ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ወደ ጎን ተወርውሮ ውሃው ውስጥ ገባ። ገመዱ ተበጠሰ። ጫፉ እንደ ጅራፍ ተወንጭፎ የዊንቹን ሰው ከጆሮው እስከ አገጩ ሰነጠቀው። ጀልባው ሽማግሌው ቆሞበት የነበረውን ስፍራ ጠርጎ፣ የቀለም ቆርቆሮውን ጨፍልቆ ቁልቁል ሄደ። የዊንቹ ሰው ፊቱን ይዞ ሲወድቅ ክርኑ ነው መሰለኝ ማጥፊያውን የነካው፣ ሞተሩ ቆመ። ልጄ እጁን አወረደ። በዚያ ጸጥታ መሃል የሐራጅ ባዩ መዶሻ ጠረጴዛውን መታ። እሜቴ ለልጃችን ተሸጠች።

ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ሮጠ። ሳቂታም ሮጠች፣ ዘበኞቹም ሮጡ። እሜቴ ጥግ የቀረነው እኔ፣ ልጄ፣ ዝገቴና ሦስት ሰዎቹ ነን።

«ማን ነው የቀጠረህ?» አለው ዝገቴ።

«ማንም አልቀጠረኝም። ምልክት ነው የሰጠሁት።»

«ምልክት? ቆይ፣ እኔም ምልክት አደርግብሃለሁ።»

ሁለቱ ክንዱን ጠምዝዘው መዳፉን የእሜቴ የገመድ ማሰሪያ ብረት ላይ አነጠፉት። ሦስተኛው ፀጉሩን ይዞታል። ዝገቴ፣ «የትኛዋ ናት የተነሳችው?» ይላል፣ «ቀኟ ናት ጋሼ» ይሉታል። ከሰንሰለቱ ክምር አንድ የጡጫ ያህል ማያያዣ አነሳና ጣቶቹ ላይ አሳረፈው። ድምፁን ሰማሁት። ደረቅ ጭራሮ በጉልበት ሲሰበር የሚሰጠው ድምፅ ነው። ልጄ አልጮኸም፤ አንተ ስትመታው መጮህ ከለከልከው እኮ። ደግሞ አነሳ፣ ደግሞ አሳረፈው። ትንሿ ጣት ከቦታዋ ወጥታ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስታይ አየኋት።

«ልጄን ተዉልኝ፣ አባቶቼ! በሞቴ!» ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ።

ዝገቴ በጫማው ደረቴን ገፋኝና፣ «እማማ፣ ዞር በይ። ልጅሽን እያሳደግንልሽ ነው» አለኝ።

ሰዎቹ ሳቁ። በወደቅኩበት ክንዴ የመንጠቆዎቹን እስር ነካ። የእኔን ለይቼ መዘዝኩት፤ እጀታው ላይ እጄን እንዳይልጠኝ የጠመጠምኩት ጨርቅ እስከዛሬ አለ። ረጥቦ የከበደ አረም ከውሃ የሚወጣው በክንድ እንዳልሆነ ታውቃለህ፣ በወገብ ነው። በወገቤ ሰነዘርኩት። የመጀመሪያው ከዝገቴ ጆሮ በላይ አረፈ። ዞሮ አየኝ። የተናደደ አይመስልም ነበር፣ የገረመው ነው የሚመስለው። በሁለተኛው ተንበረከከ። ሦስተኛው አያስፈልግም ነበር። ሰነዘርኩት። ያኔ የማን ፊት ይታየኝ እንደነበር አንተው ገምት።

ሰዎቹ ልጄን ለቀው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከሦስቱ ወፍራሙ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። ደሙ እሜቴ ጎን ላይ እስከዚያች ወረቀት ድረስ ተረጭቷል። ልጄ በደህና እጁ መንጠቆውን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ስጪኝ እማዬ። አንቺ ምንም አላየሽም።»

«ምን ልታደርግ ነው? መልስ!»

«አንቺ እዚህ አልነበርሽም። ወደ ውሃው ሂጂ። ሂጂ አልኩሽ!»

በሕይወቱ ያን ዕለት ብቻ ነው የጮኸብኝ። ፖሊሶቹ ሲደርሱ መንጠቆው በእሱ እጅ ነበር፣ ደሙም በእሱ ሸሚዝ ላይ።

እስር ቤት ሄጄ አየሁት። እጁን በሁለት እንጨት አስረውለታል፤ አብጦ ጥቁር ጎማ መስሏል። «ሰውየው ይድናል፣ ትንሽ ወራት ይፈረድብኛል፣ እወጣለሁ። አንቺ ግን እዚህ ገብተሽ አትወጪም። ከተናገርሽ ዓይንሽን አላይም» አለኝ። ዝገቴ ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር ልጄን ሰማሁት። ለዚያ ክፉ ሰው በየቀኑ ማልጄ ስጸልይለት ሰነበትኩ። እንዲድን! ያየኝ ሰው የዘመዱ ነኝ ይል ነበር። ቅዳሜ ሞተ። ያን ጊዜ «ትንሽ ወራት» የሚባለው ነገርም አብሮ ሞተ። ከዚያ በኋላ የልጄን ቃል አልጠበቅኩም፤ በቀጥታ ወደ መርማሪው ሄድኩ።

«የመታሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ወንበር ሳበልኝ። «ይቀመጡ እማማ። ውሃ ይጠጡ።»

«ውሃ አልጠማኝም። እኔ ነኝ እያልኩህ ነው።»

«እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠች እናት ሁሉ ‹እኔ ነኝ› ትለኛለች። ባለፈው ወር አንዷ ልጇ በሌላ ከተማ የሰረቀውን ሞተር ብስክሌት እንኳ ‹እኔ ነኝ የነዳሁት› ብላኛለች።»

«መንጠቆውን አምጣውና ላሳይህ።»

«አሁን ደግሞ እኔን ሊመቱ ነው?» አለና ሳቀ። አጠገቡ የሚጽፈውም ሳቀ። ከዚያ በትሕትና እስከ በሩ ሸኘኝ። ክንዴን ደግፎ ነው የሸኘኝ፣ ደረጃው እንዳይጥለኝ! ያንን ድጋፍ ከአንተ ጥፊ ይልቅ ጠላሁት።

ሦስቱ የዝገቴ ሰዎች ደግሞ መቺው ልጄ ነው ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል። ወፍራሙን ከጣቢያው በር ላይ ጠብቄ ለመንኩት። «አይተኸኛል እኮ፣ ልጄ። ተያይተናል» አልኩት። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ ምን ልበል? ለቅሶው ላይ ስጠየቅ ‹ጋሼን አረም የምታወጣ ባልቴት ጣለችው፣ እኛም ቆመን አየን› ልበል? ልጆቹ የት ይግቡ? እኔስ የት ልግባ?»

ስለዚህ አለቃቸው በአሮጊት ተመትቶ ሞተ ከሚባል ልጄ ዕድሜውን እዚያ ቢጨርስ ይመርጣሉ። ሌላው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቀለም ቀቢውን ያወጣ ስለነበር ያየ የለም። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ልጅ እግር ናት፤ ዓይኗ ግን ንቁ ነው። እሷ ብቻ አልሳቀችብኝም። «ከዚህ በፊት ሰው መትተው ያውቃሉ፣ እማማ? በእንዲህ ያለ መሣሪያ? የሚመሰክር ካለ ዳኛው እንደገና ያጣራል» አለችኝ።

«አለ» አልኳት።

«ይመጣል?»

ስለ አንተ ለማያውቅህ ሰው ምን ተብሎ ይነገራል።

እንግዲህ ሸሚዝህን እንድታወልቅ ነው የምፈልገው። ከግራ ትከሻህ ተነስቶ ወደ ማጅራትህ የሚወጣው ጠባሳ አለ አይደል? ለመሥሪያ ቤቱ «የዊንች ገመድ ተበጥሶ መታኝ» ያልከው፣ ካሳ ሳይቀር የበላህበት፣ መጠጥ ቤት ለወጣቶቹ ከፍተህ እያሳየህ «ከሞት ተረፍኩ» የምትልበት። ገመዱ እኔ ነበርኩ። ልጄን ከነዳጅ በርሜሎቹ ጀርባ ጥለህ ሆዱን በእግርህ ስትለው ነው። ጢሙ ገና ሊያቆጠቁጥ ነበር። መልሕቅ ውሃ ውስጥ ጣለ ብለህ። ለምኜህ ነበር፤ አልሰማህም። በዚያው መንጠቆ፣ በዚያው ወገብ። አንድ ጊዜ ብቻ። ደምህን ይዘህ ተነሳህና ፊቴን አየኸኝ፣ ልክ እንደ ዝገቴ። «ብትተነፍሺ እገድልሻለሁ» አልክ። አልተነፈስኩም። ወር ሳይሞላ ጓዝህን ሸክፈህ ሄድክ፤ ሰው ሁሉ ጥሎኝ የሄደ መሰለው፣ አዘነልኝ። እኔም እንዲያዝንልኝ ተውኩት።

ልጃችን ያን ዕለት ከመሬት ላይ ሆኖ ሁሉንም አይቷል። ስለዚህ ነው መንጠቆውን የነጠቀኝ። ተራው የደረሰ መስሎት።

ቀጠሮው የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ነው። ስለ እኔ ደግ ነገር ተናገር አልልህም። በየመጠጥ ቤቱ ስትለው የኖርከውን ሁሉ በል። አውሬ ናት በል። እጇ ከባድ ነው፣ ከተቆጣች የምትይዘውን አታውቅም በል። ብቻ ጠባሳውን አሳይና ማን እንዳደረሰብህ ተናገር። መዳፍ ማንሳት በቦይ ላይ ምን ማለት እንደሆነም ለዳኛው ንገርልን፤ ልጃችን ዋጋ ሊያስወድድ የገባ ቅጥረኛ ተብሎ ተጽፎበታልና። ይስቁብህ ይሆናል። አልዋሽህም፣ ይስቁብሃል። ወፍራሙም እዚያ ይኖራል፣ ምናልባት አንተን ሲሰማ እሱም አፉ ይከፈት ይሆናል። አንድ ወንድ መጀመሪያ መናገር አለበት።

ከዚያ በኋላ እኔን ይወስዱኛል። እሱን አስቤበታለሁ፣ አይክበድህ። የዝገቴ ወንድሞች ግን «ከወጣ የቀረችውን እጁንም እንቆርጣታለን» እያሉ ስለሆነ ልጃችን እዚህ መቆየት አይችልም። አንተ ጋ ክፍል እንዳለ እህትህ ነግራኛለች። ይህን መጻፍ ከሌላው ሁሉ በላይ ከብዶኛል፤ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ ተነስቻለሁ። ካንተ የሸሸግኩትን ልጅ መልሼ ላንተ ልሰጥ። በሩን ክፈትለት። ካላናገረህ አታናግረው። እጅህን ግን እንዳታነሳበት። ሰው መምታት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እኔም አሁን አውቃለሁ፤ ስለዚህ «ሳላስበው ነው» የምትለኝን ከእንግዲህ አልሰማህም።

የጠዋቱን አውቶቡስ ያዝ። የማታው መስኮቱ አይዘጋም፤ ያ ትከሻህ ደግሞ ብርድ ሲገባው እንቅልፍ ይነሳሃል። ሹራብ ደርብ። ይህን ያለችኝ እህትህ ናት፤ እኔማ በምን አውቄ።

አልመጣም ካልክ መልስ አትጻፍልኝ። ሐሙስ በሩን እያየሁ ብውል ይሻለኛል።

ፈጣሪ መንገድህን ይጥረግልህ። ምላስህን ለአንዲት ጠዋት ያቅናልህ። ልጃችንን ከነሙሉ ጣቱ ያውጣልን።

የልጅህ እናት